ፎርሙ አልላክ ሲላችሁ፦ በምን ትፈትሹታላችሁ፣ በምንስ ትልኩታላችሁ?

ለድረ ገጽ የሠራችሁትን ፎርም ሞልታችሁ የመላኪያ በተኑን ትጫናላችሁ፣ ምንም የለም። ደግማችሁ ትጫናላችሁ፣ አሁንም ዝም። ወይ ደግሞ ገጹ ብልጭ ይልና የሞላችሁት ሁሉ ጠፍቶ ባዶ ፎርም ይጠብቃችኋል። ወይ «ተልኳል፣ እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ዳታቤዙ ውስጥ ግን የገባው ባዶ መስመር ነው። ሦስቱንም «ፎርሙ አይሰራም» እንላቸዋለን። ግን ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ኮዱን መነካካት ይጀምራል። ሜተዱን (ፎርሙ የሚላክበትን መንገድ፦ ጌት ዳታውን አድራሻው ላይ፣ ፖስት በመልእክቱ ውስጥ ይልካል) ይቀይራል፣ በተኑን ይቀይራል፣ የሆነ ቦታ ያገኘውን ጃቫስክሪፕት ይለጥፋል። አንዳንዴ ይሳካል። ለምን እንደተሳካ ግን ስላልታወቀ ያው ችግር ሌላ ቀን በሌላ መልክ ይመጣል።

እኔ ሁሌም የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ሪኩዌስቱ፣ ማለትም ብራውዘሩ ለሰርቨሩ የሚልከው መልእክት፣ ከብራውዘሩ ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ካልወጣ ጥፋቱ ገጹ ላይ ነው፣ ሰርቨሩን ለቀቅ አድርጉት። ከወጣ ደግሞ ምን ይዞ እንደወጣና ምን መልስ ይዞ እንደተመለሰ ማየት ነው። ይህን ሳታውቁ ኮድ መነካካት በጨለማ መዳበስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመፈተሻ መንገዶቹን ላነጻጽር፣ ቀጥሎ ወደ መላኪያ መንገዶቹ እንሄዳለን።

ኔትወርክ ታብ

የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይሄ ነው። ኮምፒውተር ላይ ኤፍ 12 ስትጫኑ የብራውዘሩ የዴቨሎፐር መሣሪያ ይከፈታል፣ ከዚያ ኔትወርክ የሚለውን ትመርጣላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ክሮም ላይ «ፕሪዘርቭ ሎግ»፣ ፋየርፎክስ ላይ «ፐርሲስት ሎግስ» የሚለውን አብሩት። ፎርም ሲላክ ገጹ ስለሚቀየር የቀድሞው ዝርዝር ይጠረጋል። ይህን ያላበራ ሰው ፎርሙ ተልኮ እያለ «ምንም አልወጣም» ብሎ ይደመድማል።

አሁን ሰብሚት (ላክ) በሉ። አዲስ መስመር ካልመጣ ሪኩዌስቱ አልወጣም፣ ወደ ኮንሶል (እዚያው መሣሪያ ውስጥ ስህተቶች የሚጻፉበት ታብ) እለፉ። ከመጣ መስመሩን ተጭናችሁ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ሜተዱን፣ ስታተስ ኮዱን (ሰርቨሩ የሚመልሰውን የውጤት ቁጥር)፣ የተላከውን ዳታ።

ስታተስ ኮዱ ብዙ ይናገራል። 404 ከሆነ አክሽን ላይ፣ ማለትም ፎርሙ ወዴት እንደሚላክ በሚነገርበት ቦታ፣ የጻፋችሁት አድራሻ የለም። 405 ከሆነ አድራሻው አለ፣ ግን በዚያ ሜተድ አይቀበልም፤ ሰርቨሩ ፖስት ሲጠብቅ እናንተ ጌት ልካችኋል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ፎርም ላይ ሜተድ ካልተጻፈ ብራውዘሩ በራሱ ጌት ነው የሚጠቀመው። 403 ሲሆን ብዙ ጊዜ ሲኤስአርኤፍ ቶከኑ (ፎርሙ ከራሳችሁ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጠው ምስጢራዊ ቁልፍ) ጎድሏል ወይም ጊዜው አልፎበታል። 413 የላካችሁት ነገር በዝቷል ማለት ነው። ኤንጂንኤክስ የሚባለው የሰርቨር ሶፍትዌር ቅንብሩ ካልተነካ ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፣ ስለዚህ በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ እንኳን ሊያስመልሰው ይችላል። 500 ከሆነ ገጹን ተዉት፣ የሰርቨሩን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ክፈቱ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያደናግረው 301 ወይም 302 ነው፣ «ወደ ሌላ አድራሻ ሂድ» የሚሉት መልሶች። ሁለት መስመር ታያላችሁ፦ መጀመሪያ ፖስት፣ ቀጥሎ ጌት። ምን ሆነ መሰላችሁ? አክሽኑ ላይ አድራሻውን በኤችቲቲፒ ጽፋችሁታል፣ ሰርቨሩ ደግሞ ሁሉንም ወደ ኤችቲቲፒኤስ ነው የሚመራው። ብራውዘሩ የተባለበት ቦታ ይሄዳል፣ ግን ፖስቱን ወደ ጌት ቀይሮ፣ የያዘውን ዳታ ሁሉ መንገድ ላይ ጥሎ። ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው ባዶ ሪኩዌስት ነው። አድራሻው መጨረሻ ላይ አንዲት ስላሽ ብትጎድልም ተመሳሳይ ነገር ሊፈጠር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የመጨረሻውን ትክክለኛ አድራሻ አክሽኑ ላይ መጻፍ። ሰርቨሩ የእናንተ ከሆነና የግድ መምራት ካለበት 307 ወይም 308 ሜተዱንም ዳታውንም እንዳለ ያሳልፋሉ።

ኮንሶል

ሪኩዌስቱ ጨርሶ ካልወጣ ኔትወርክ ታብ የሚነግራችሁ ነገር የለም። እዚህ ላይ ኮንሶል ይበልጠዋል። ስክሪፕቱ የት እንደተሰበረ፣ ሰብሚቱን ማን እንደከለከለው የሚጻፈው እዚያ ነው። ገጹ በአይፍሬም (ሌላ ገጽ ውስጥ በተከተተ መስኮት) ውስጥ ሆኖ ሳንድቦክሱ፣ ማለትም የመስኮቱ ገደብ፣ ፎርም መላክን ካልፈቀደ፣ ወይም የገጹ ሴኩሪቲ ፖሊሲ ወደዚያ አድራሻ ፎርም እንዳይላክ ከከለከለ፣ ፎርሙን የሚሞላው ሰው ምንም አያይም። ኮንሶሉ ግን ምክንያቱን ቁልጭ አድርጎ ይጽፈዋል።

ሁለት ቀን የበላኝ ችግር በዚህ በኩል የመጣ ነው። በደረጃ የሚሞላ የምዝገባ ፎርም ነበር። «ሌላ» የሚል አማራጭ ሲመረጥ ብቻ የሚታይ አንድ ፊልድ አለው፣ «ይግለጹ» የሚል። ያ ፊልድ ሪኳየርድ (የግድ የሚሞላ) ተደርጓል። «ሌላ» ያልመረጠ ሰው ፊልዱን አያየውም፣ ስለዚህ አይሞላውም። ብራውዘሩ ግን የተደበቀውንም ይፈትሸዋል። ባዶ ሆኖ ሲያገኘው «እባክዎ ይህን ይሙሉ» ሊል ይፈልጋል፤ ፊልዱ ስለማይታይ መልእክቱን የሚያሳይበት ቦታ የለውም። እናም ዝም ብሎ ይቆማል። በተኑ የሞተ ይመስላል። እኔ ሁለቱንም ቀን የሰርቨር ኮድ ሳገላብጥ ነበር። ኮንሶሉን ስከፍተው ፎከስ ማድረግ ያልቻለው ልክ ያልሆነ ፊልድ እንዳለ ክሮም በቀይ ጽፎ ቁጭ አድርጎታል፣ የፊልዱን ስም ጭምር።

መፍትሔው ፊልዱ ሲደበቅ ዲሴብልድ ማድረግ (እንዳይሠራ መዝጋት)፣ ሲታይ መልሶ ማብራት ነው። ዲሴብልድ የሆነ ፊልድ አይፈተሽም፣ አይላክምም።

ሌላም አለ። ሰብሚት በተናቸውን ኔሙን (ኮድ ውስጥ የሚሰጠውን ስም) ራሱ «ሰብሚት» ብለው የሚሰይሙ ሰዎች አሉ። ያ ስም የፎርሙን የራሱን ሰብሚት ፈንክሽን ይሸፍነዋል። ከዚያ ጃቫስክሪፕቱ ፎርሙን ሊልክ ሲሞክር «ሰብሚት ፈንክሽን አይደለም» ይላችኋል። ስሙን «ላክ» ወይም ሌላ ነገር በሉት፣ አለቀ።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ሰብሚት ሲደረግ የሚሠራ ስክሪፕት ካላችሁና «ፕሪቨንት ዲፎልት» ከሚለው፣ ብራውዘሩ ፎርሙን በራሱ እንዳይልክ ከሚከለክለው መስመር በፊት ከተሰበረ፣ ብራውዘሩ በራሱ መንገድ ፎርሙን ይልከዋል። መጀመሪያ ላይ ያልኩት ብልጭ ብሎ ባዶ የሚሆነው ገጽ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ኤረሩ ኮንሶል ላይ ለአፍታ ይታይና ከገጹ ጋር አብሮ ይጠፋል፣ ሎጉ እንዲቆይ ካላደረጋችሁት በቀር። ከዚያ መስመር በኋላ ከተሰበረ ደግሞ ምንም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ «ብልጭ ይላል» እና «ዝም ይላል» የሚለው ልዩነት ራሱ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ሜተዱን ለጊዜው ወደ ጌት መቀየር

ስልክ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ኤፍ 12 የሚባል ነገር የለም። እዚያ ላይ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ፎርሙ ላይ ፖስት የሚለውን ጌት አድርጉትና ላኩ። የአድራሻውን መስመር ተመልከቱ። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ የተላከው ሁሉ በግልጽ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ሰርቨሩ ኤረር ቢመልስ እንኳን ግድ የለም፣ የምትፈልጉት አድራሻው ላይ ነው። ጀማሪዎችንም የማስተምረው በዚህ ነው፣ ምክንያቱም የጎደለው ነገር ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

እስቲ አንድ ፎርም እንውሰድ። ሦስት ፊልድ አለው፦ ስም፣ ስልክ፣ መልእክት። ሞላችሁ፣ ላካችሁ። አድራሻው ላይ ስምና መልእክት አሉ፣ ስልክ ግን የለም። ኮዱን ስታዩ የስልኩ ፊልድ አይዲ አለው፣ ሌብል አለው፣ ስታይል አለው። ኔም የለውም። ኔም የሌለው ፊልድ ደግሞ አይላክም። አይዲ ለሌብል፣ ለሲኤስኤስና ለጃቫስክሪፕት ነው፤ ሰርቨሩ ጋ የሚሄደው በኔም የተሰየመው ብቻ ነው። «ዳታው ባዶ ነው የሚመጣው» ሲባል መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

በዚሁ መንገድ የሚጋለጡ ሌሎችም አሉ። ምልክት ያልተደረገበት ቼክቦክስ «የለም» ተብሎ አይላክም፣ ጭራሽ አይኖርም። ቫልዩ (የሚላከውን ዋጋ) ሳትሰጡት ምልክት ከተደረገበት «ኦን» የሚል ቃል ብቻ ይልካል። ሰው እንዳይቀይረው ብላችሁ ዲሴብልድ ያደረጋችሁት ፊልድ አይሄድም፤ እንዲሄድም እንዳይቀየርም ከፈለጋችሁ ሪድኦንሊ (የሚነበብ ብቻ) ነው ትክክሉ።

ድክመቱስ? የይለፍ ቃል ያለበት ፎርም ላይ እውነተኛ ቃል አትሞሉ፣ አድራሻው ታሪክ ውስጥም ሰርቨር ሎግ ውስጥም ይቀራል። ፋይል ካለ የሚታየው የፋይሉ ስም ብቻ ነው። አክሽኑ ላይ ከጥያቄ ምልክት በኋላ የጻፋችሁት ነገር ካለ ደግሞ ጌት ጠርጎ በራሱ ይተካዋል። ስትጨርሱ ወደ ፖስት መመለሱን አትርሱ።

የሰርቨር ሎግ፣ ወይስ ባዶ ፎርም?

ሎግ የሚጠቅመው ሪኩዌስቱ እንደወጣና ሙሉ ዳታ እንደያዘ ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መክፈቱ ጊዜ ይፈጃል። ገጹ ሙሉ ልኮ ሰርቨሩ ባዶ ካገኘ ግን ጥቂት የታወቁ ተጠርጣሪዎች አሉ። ፒኤችፒ በሚባለው የሰርቨር ቋንቋ ላይ የአንድ ፖስት ጠቅላላ መጠን በነባሪው 8 ሜጋባይት፣ የአንድ ፋይል ደግሞ 2 ሜጋባይት ነው። የመጀመሪያው ገደብ ሲታለፍ ፋይሉ ብቻ አይቀርም፤ ስሙም፣ ስልኩም፣ ሁሉም ባዶ ይሆናል። ለዚህ ነው «ፎቶ ሳልጨምር ይሠራል፣ ፎቶ ስጨምር ስሙ ራሱ ይጠፋል» የሚባለው። ኖድ ላይ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያሠራው) በኤክስፕረስ የምትሠሩ ከሆነ የፎርም ዳታ የሚያነበውን ተጨማሪ ክፍል፣ ሚድልዌር የሚባለውን፣ ካልጨመራችሁ ቦዲው (የተላከው ዳታ) አይነበብላችሁም። ለጄሰን (ዳታ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ሌላ ቅርጽ) የሚሆነው አንባቢ ለተራ ፎርም አይሆንም፣ ሁለቱም ፋይል ላለው ፎርም አይሆኑም።

ገጹ ትልቅና የተወሳሰበ ከሆነ ግን ከሎግ ይልቅ ባዶ ፎርም ይፈጥናል። አዲስ ፋይል ክፈቱ። አንድ ፊልድ ከነኔሙ፣ አንድ በተን፣ ያው አክሽን፣ ያው ሜተድ። ስታይል የለ፣ ስክሪፕት የለ። ይሄ ከሠራ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ትልቁ ገጽ ውስጥ ነው። ካልሠራ ችግሩ አድራሻው ላይ ወይም ሰርቨሩ ላይ ነው። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፣ የብዙ ሰዓት ግምት ያስቀራል።

ትልቁ ገጽ ውስጥ ነው ካላችሁ በፎርም ውስጥ ሌላ ፎርም እንዳለ እዩ። ኤችቲኤምኤል ይህን አይፈቅድም። ብራውዘሩ የውስጠኛውን መክፈቻ ታግ ይዘለዋል፣ መዝጊያውን ግን ያከብረዋል፣ በእሱም የውጪውን ፎርም ይዘጋበታል። ከዚያ በታች ያሉት ፊልዶች ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ሰብሚት በተኑም ከታች ከሆነ ተጫኑት አልተጫናችሁት ለውጥ የለውም። በተኑን የግድ ከፎርሙ ውጪ ማድረግ ካለባችሁ ፎርም የሚባል አትሪቢዩት ስጡትና የፎርሙን አይዲ ጻፉበት፣ ካለበት ሆኖ ይልካል።

አሁን መላኪያውን እንምረጥ

ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ ሌላ ምርጫ ይመጣል፦ ፎርሙን ብራውዘሩ ራሱ ይላከው ወይስ በጃቫስክሪፕት እንላከው?

ተራውን መንገድ አትናቁት። ባለሰብሚት በተን፣ አክሽን፣ ሜተድ፣ በቃ። ቫሊዴሽኑን (የተሞላው ልክ መሆኑን መፈተሹን) ብራውዘሩ ይሠራዋል፣ ኢንተር ሲጫኑ ይልካል፣ ስክሪፕት ባይጫን እንኳን አይቆምም፣ የተጫናችሁት በተን ኔምና ቫልዩ ካለው አብሮ ይሄዳል። ሲበላሽም ለመፈተሽ ቀላሉ እሱ ነው። ለመግቢያ፣ ለምዝገባ፣ ለአስተያየት መስጫ እኔ ሁሌም ይሄን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ፎርም ውስጥ ያለ በተን ታይፕ ካልተሰጠው ሰብሚት ነው። «የይለፍ ቃል አሳይ» የሚለው በተን ፎርሙን ሲልክባችሁ የምትገረሙት ለዚህ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ታይፑን «በተን» በሉት። የዚህ ተቃራኒም ይገጥማል፣ ዋናውን መላኪያ ታይፑን «በተን» ያደረገው ሰው ሲጫን ቢውል አይላክለትም።

ከስክሪፕት መላክ ካለባችሁ ሁለት ፈንክሽኖች አሉ፣ ስማቸው ተቀራራቢ፣ ሥራቸው የተለያየ። «ሰብሚት» የሚለው ቫሊዴሽኑን ዘሎ፣ የሰብሚት ኢቨንቱን (ሊላክ ነው ብሎ ስክሪፕቶችን የሚያስጀምረውን ምልክት) ሳይቀሰቅስ፣ ፎርሙን እንዳለ ይወረውረዋል። ሪኳየርድ ያላችሁት ፊልድ ባዶ ሆኖ የሚያልፈው በዚህ ነው። «ሪኩዌስት ሰብሚት» የሚለው ግን ሰው በተኑን የተጫነ ያህል ይቆጠራል፣ ይፈትሻል፣ ኢቨንቱንም ይቀሰቅሳል። ሳፋሪ ዘግይቶ በ2022 በ16ኛው ቨርዥኑ ተቀብሎታል፣ ስለዚህ ዛሬ ሁሉም ዋና ዋና ብራውዘሮች ላይ አለ። ያለማመንታት እሱን ተጠቀሙ።

ፌች፣ ጃቫስክሪፕት ራሱ ሪኩዌስት የሚልክበት ፈንክሽን፣ ሦስተኛው ነው፣ ጣጣውም የበዛው እሱ ላይ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፣ ገጹ ሳይቀየር ይልካል። ቻት፣ በራሱ ሴቭ የሚያደርግ ረጅም ፎርም፣ ብዙ ፋይል የሚጫንበት ገጽ ከሆነ እሱን ምረጡ። ግን የሚያስከፍላችሁን እወቁ። ሰርቨሩ 404 ወይም 500 ቢመልስ ፌች እንደ ስህተት አይቆጥረውም፣ «ኦኬ» የሚለውን ራሳችሁ ካላያችሁ «ተልኳል፣ እናመሰግናለን» ይላል፣ ሰውየውም አምኖ ይሄዳል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማመልከቻው እንዳልደረሰ የሚያውቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ፎርም ዳታ የሚባለውን፣ የፎርሙን ፊልዶች በአንድ የሚጠቀልለውን፣ ስትልኩ ደግሞ ኮንቴንት ታይፑን (የዳታው ዓይነት የሚነገርበትን) በእጃችሁ አትጻፉ። ብራውዘሩ ራሱ መልቲፓርት ብሎ ይጽፈዋል፣ ክፍሎቹን የሚለያይበትን መለያም ይጨምርበታል። እናንተ ስትጽፉት መለያው ይጎድላል፣ ሰርቨሩም መክፈቻ እንደሌለው ሳጥን ይሆንበታል። ጄሰን ከላካችሁ ሰርቨሩ ጄሰን ማንበብ አለበት፤ ፒኤችፒ ላይ ፖስት የሚባለው አሬይ ባዶ የሚሆንባችሁ ለዚህ ነው። የተጫናችሁት በተን ቫልዩም በራሱ አይካተትም። ሌላ ዶሜይን ላይ ከላካችሁ ኮርስ (CORS፣ ስክሪፕቶች ከሌላ ዶሜይን ጋር እንዳይነጋገሩ ብራውዘሩ የሚጥለው ገደብ) ይመጣል፣ ተራው ፎርም ግን ወደ ሌላ ዶሜይን ያለ እሱ ይሄዳል።

እና የቱ? ሁለቱን አትነጣጥሏቸው እላለሁ። መጀመሪያ ያለ ስክሪፕት የሚሠራ ፎርም ሥሩ። እንደሚሄድ በዓይናችሁ እዩት። ከዚያ ካስፈለገ ፌቹን ላዩ ላይ ጨምሩ። ያኔ አንድ ነገር ሲበላሽ ስክሪፕቱን አጥፍታችሁ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ወዲያው ትለያላችሁ።

ጌት ወይስ ፖስት ለሚለው ብዙ አላወራም። ፍለጋና ማጣሪያ በጌት፣ ምክንያቱም አድራሻውን ለሰው መላክ ይቻላል። የሆነ ነገር የሚመዘግብ፣ የሚቀይር፣ የሚሰርዝ ሁሉ በፖስት። ፋይል ካለ በፖስት ሆኖ ኢንክታይፑ (ፎርሙ ላይ የዳታው አላላክ የሚጻፍበት) መልቲፓርት ፎርም ዳታ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ የሚደርሰው የፋይሉ ስም ብቻ ነው፣ ፋይሉ ራሱ አይደርስም።

የመጨረሻው፣ ሁለቴ መላክ። ሰው ቸኩሎ ደጋግሞ ይጫናል፣ አንዱ ምዝገባ ሁለት ይሆናል። ብዙዎች በተኑ ክሊክ ሲደረግ ወዲያው ዲሴብልድ ያደርጉታል። አታድርጉት፣ ዲሴብልድ የሆነ በተን ፎርም አይልክም፣ ስለዚህ ጭራሽ ላይሄድ ይችላል። የግድ ከሆነ ክሊኩን ትታችሁ የሰብሚት ኢቨንቱ ላይ አድርጉት፤ ያኔም የበተኑ የራሱ ቫልዩ እንደሚቀር እወቁ። ገጹን ሪፍሬሽ ሲያደርጉ ለሚደገመው ግን መፍትሔው ሰርቨሩ ጋ ነው፦ ዳታውን ከመዘገበ በኋላ ገጹን እዚያው ከማሳየት ይልቅ በ303 ወደ ሌላ አድራሻ ይምራ። ያኔ ሰውየው አሥር ጊዜ ሪፍሬሽ ቢያደርግ የሚደገመው ያ የምስጋና ገጽ ብቻ ነው።